የጥንት ሰው በምን ያድን ነበር? ከእንጨት ጦር እስከ ወንጭፍ

በሥራችን ምክንያት ወደ ብዙ ቤተሰቦች ቤት እንገባለን። በአንድ ቤት ያጋጠመን ነገር ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ምክንያት ሆኖናል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ስለ ቅድመ ታሪክ ሰው የአደን መሣሪያዎች ጽፎ እንዲመጣ የቤት ሥራ ተሰጥቶት ነበር። እናቱ የመጽሐፉ ዕብራይስጥ ስለከበዳት ልትረዳው አልቻለችም። አያቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያያሉ። ልጁ ከመጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ለእኛ ሲያሳየን አያቱም አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ተመለከቱና «ይኼማ ሶማያው ጠማማ ነው፤ እንዲህ ያለ ጦር ተወርውሮ የት ሊደርስ!» አሉ። ልጁ ዞር ብሎ «አባባ፣ እርስዎ ጦር ያውቃሉ እንዴ?» ሲል ጠየቃቸው። ዐሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህን አልጠየቃቸውም ነበር።

እንደሚታወቀው በዚህ አገር «ፕሪሚቲቪ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ በእኛና በወላጆቻችን ላይ ሲሰነዘር ሰምተናል። ልጆቻችንም ሰምተውታል። ስለዚህ ልጁ ስለ ጥንት ሰው ጦር ሲያነብ አያቱ ጦር ያውቃሉ መባሉ ሊያኮራውም ሊያሳፍረውም ይችላል። ይህ የሚወሰነው ስለ ጉዳዩ በሚያውቀው ነገር ነው። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ተመራማሪዎች ስለ እነዚህ መሣሪያዎች የደረሱበትን ወላጆችም ልጆችም አብረው ሊያነቡት በሚችሉት መንገድ ለማቅረብ እንሞክራለን።

አስቀድመን ስለ ዓመቱ ቁጥር አንድ ነገር እንበል። ከዚህ በታች መቶ ሺህና ሚሊዮን የሚሉ ቁጥሮች ይገኛሉ። በአንዳንድ ቤተሰቦች ይህ ጥያቄ እንደሚያስነሣ እናውቃለን፤ ሽማግሌዎችን ወይም ቄሶችን መጠየቅ የሚፈልግ ይጠይቅ። እኛ የምናቀርበው የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት የሚሉትን ነው። እነርሱም ዕድሜውን የሚገምቱት መሣሪያው የተገኘበትን የአፈር ንብርብር፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ቅሪተ አካል በመመርመር ነው። አዲስ ምርመራ ሲመጣ ቁጥሩ እንደሚለወጥም ወደፊት እናያለን።

መጀመሪያ የነበረው ድንጋይ

በአፋር ክልል ጎና በሚባለው ስፍራ ወደ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጉ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም ካስታወቁት ተመራማሪዎች መካከል ኢትዮጵያዊው ስለሺ ሰማው ይገኝበታል። በኬንያ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ዕድሜ ያላቸው፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል የተባሉ ድንጋዮች አሉ። ነገር ግን ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። እነዚህ ድንጋዮች አውሬ የሚወጋባቸው መሣሪያዎች አልነበሩም። አንዱ ድንጋይ በሌላው እየተመታ የሚፈነጠሩ ስለታም ስባሪዎች ሲሆኑ አገልግሎታቸው ሥጋ መቁረጥ፣ ቆዳ መግፈፍና አጥንት ሰብሮ መቅኔ ማውጣት ነበር። እንስሳውን የገደለው ብዙ ጊዜ አንበሳ ወይም ሌላ አውሬ ሊሆን ይችላል፤ ሰው የደረሰው ከጅብ ጋር እየተሻማ ነው።

በዚህም አገር የሚታይ ምልክት አለ። ከኪኔሬት በስተሰሜን፣ በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ጌሼር ብኖት ያዕቆብ በሚባለው ስፍራ ወደ 780,000 ዓመት ገደማ የሆነው የሰዎች መኖሪያ ተቆፍሯል። እዚያ ከድንጋይ መሣሪያዎች ጋር የተሰባበረ የዝሆን ራስ ቅል ተገኝቷል፤ ከሥሩም የእንጨት ግንድ ነበረ። ቆፋሪዎቹ እንደገመቱት ሰዎቹ ግንዱን እንደ ማንሻ ተጠቅመው ከባዱን ራስ ገልብጠው አንጎሉን አውጥተዋል። ዛሬ ወደ ሰሜን ለቲዩል የሚሄዱ ልጆች የሚያልፉበት አገር በዚያን ጊዜ ዝሆን የሚሰማራበት ነበር ማለት ነው።

በከሰል ማዕድን ውስጥ የተገኙት ጦሮች

ድንጋይ አይበሰብስም፤ እንጨት ግን ይበሰብሳል። ስለዚህ የጥንቱ ሰው «የድንጋይ ዘመን ሰው» ተባለ እንጂ ከድንጋይ ይልቅ እንጨት አብዝቶ ይጠቀም እንደነበር መገመት ይቻላል። የእኛን መንደር አስቡት። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ዱላው፣ ሙቀጫው፣ ጎጆው ራሱ እንጨት ነው። ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ቢቆፍር የሚያገኘው ማረሻውንና የወፍጮውን ድንጋይ ብቻ ይሆናል።

የእንጨት ጦር ተርፎ የሚገኘው ውኃ በሞላበትና አየር በማይገባበት ጭቃ ውስጥ ሲቀበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ክላክተን በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ 39 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የጦር ጫፍ ተገኘ፤ ዕድሜው 400,000 ዓመት ገደማ ይሆናል ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ሌሪንገን በተባለ የጀርመን ስፍራ 2.38 ሜትር የሚረዝም ጦር በዝሆን አጥንቶች መካከል ተገኘ። ሆኖም ብዙ ሊቃውንት የጥንቱ ሰው እንደ ጅብ የሞተ ፈላጊ እንጂ እውነተኛ አዳኝ አይደለም ይሉ ስለነበር እነዚህ ግኝቶች አላሳመኗቸውም። እንዲያውም አንዳንዶች የክላክተኑ ጫፍ ጦር ሳይሆን መቆፈሪያ ነው ብለው ነበር።

ክርክሩን የለወጠው ሾኒንገን ነው። ሾኒንገን በጀርመን አገር እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሰል ይወጣበት የነበረ ሰፊ ጉድጓድ ነው። ሃርትሙት ቲሜ የተባለው ተመራማሪ ግዙፍ የማዕድን ማሽኖች መሬቱን እየበሉ ሲመጡ ከፊታቸው እየቀደመ ይቆፍር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ሁለት ጫፉ የሾለ አጭር የውርወራ ዱላ አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ጦሮቹ መውጣት ጀመሩ። አብዛኞቹ ከ1.8 እስከ 2.5 ሜትር የሚረዝሙ ሲሆኑ በዙሪያቸው የተበለቱ የብዙ ፈረሶች አጥንት ተበትኖ ነበር። ስፍራው የሐይቅ ዳር ነው። ፈረሶቹ ውኃ ሊጠጡ ሲመጡ አዳኞቹ አድፍጠው ጠብቀዋቸዋል ተብሎ ይታመናል።

እኛን ያስገረመን የአሠራሩ ጥንቃቄ ነው። ዛፉ ስፕሩስ የሚባል የጥድ ዘመድ ሲሆን በብርድ ቀስ ብሎ ያደገ ቀጭን ግንድ ተመርጧል፤ ቀስ ብሎ ያደገ እንጨት ጠንካራ ነውና። የጦሩ ጫፍ የተሾለው ከሥሩ በኩል ካለው ጠንካራ ክፍል ነው። ከዚህም በላይ ጫፉን ሲሾሉት የግንዱ መካከል ባለው ለስላሳ ልብ ላይ እንዳይውል ወደ ጎን ዘወር አድርገውታል፤ ለስላሳው ልብ ጫፍ ላይ ቢውል ጦሩ ይዶለዱማልና። ይህን ያደረገው ሰው የሠራው ጦር የመጀመሪያው አልነበረም። ከአባቱ ተምሯል፣ ጥቂት ጦሮችም ተሰብረውበታል።

አያትዬው ይህንን ስናነብላቸው አልተገረሙም። ለዱላም ለሶማያም እንጨት የሚቆረጠው ታይቶ፣ ጊዜው ተመርጦ እንደሆነ፣ ከተላጠ በኋላ በእሳት ለብለብ ተደርጎ እንደሚቃናና ቅቤ እንደሚቀባ ነገሩን። ልጁም ይህን ጻፈ።

ጦሩ ይወረወር ነበር ወይስ ተጠግቶ ለመውጋት ብቻ ነው የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ብዙዎች እንዲህ ያለ ከባድ እንጨት ከ10 ሜትር አያልፍም ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ስድስት የሠለጠኑ የጦር ውርወራ ስፖርተኞች በሾኒንገኑ ጦር አምሳል የተሠሩ፣ 760ና 800 ግራም የሚመዝኑ ጦሮችን ወረወሩ፤ እስከ 20 ሜትር ርቀት ድረስ ዒላማቸውን መቱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከዚህ በፊት ጦሩን የሚወረውሩት ልምድ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። መሣሪያው ደካማ የመሰለው የያዘው ሰው ስላልለመደው ነው።

የዕድሜው ነገር ግን አሁንም አልተቋጨም። መጀመሪያ 400,000፣ ቆይቶ 300,000 ዓመት ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት ደግሞ ወደ 200,000 ዓመት ዝቅ አድርጎታል። ይህ ትክክል ከሆነ የጦሮቹ ባለቤቶች ኒያንደርታል የሚባሉት፣ ጥንት በአውሮፓና በዚህም በእስራኤል ምድር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

ድንጋይ በእንጨት ላይ ሲሰካ

የሾለ እንጨት ይወጋል እንጂ አይቆርጥም። ስለታም ድንጋይ በእንጨት ጫፍ ላይ ሲሰካ ግን ቁስሉ ሰፊ ይሆናል፣ ደም ይፈሳል፣ እንስሳው ርቆ ሳይሄድ ይወድቃል። በደቡብ አፍሪካ ካቱ ፓን በሚባል ስፍራ 500,000 ዓመት የሆናቸው የጦር ጫፎች ተገኝተዋል ቢባልም ሁሉም ተመራማሪ አልተቀበለውም።

እዚህ ላይ ወደ ኢትዮጵያ እንመለሳለን። በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ጋደሞታ የሚባል ከፍታ አለ። በአካባቢው እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ባልጩት በብዛት ይገኛል። ባልጩት ሲሰበር ስለቱ ከምላጭ አያንስም፤ በደቡብ ኢትዮጵያ እስከ እኛ ዘመን ድረስ ቆዳ ፋቂዎች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በጋደሞታ ከተገኙት ባለ ሦስት ማዕዘን ጫፎች መካከል አንዳንዶቹ ከ279,000 ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮናታን ሳህለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት እነዚህን ጫፎች በማጉያ መነጽር መረመሩ። ባልጩት እንደ መስተዋት ስለሆነ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ላይ እንደ ወፍ ክንፍ የተዘረጉ ደቃቅ መስመሮች ይተዋል። የመስመሮቹ ማዕዘን ስንጥቁ በምን ያህል ፍጥነት እንደሮጠ ይናገራል። በእጅ ተይዞ ሲወጋ ስንጥቁ ቀርፋፋ ነው፤ ተወርውሮ ሲመታ ፈጣን ነው። ከጋደሞታ ጫፎች አንዳንዶቹ ፈጣኑን ምልክት ይዘው ተገኙ። ስለዚህ በድንጋይ የሾለ የውርወራ ጦር ስለመኖሩ ከሚታወቁት እጅግ ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው በኢትዮጵያ ምድር ነው። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ በሁሉም የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ አይገኝም።

ድንጋዩ ከእንጨቱ ጋር እንዴት ይያያዛል? በጅማት ወይም በጠፍር ይታሰራል፤ በሙጫም ይጣበቃል። በደቡብ አፍሪካ ሲቡዱ በሚባል ዋሻ ከ70,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች የዛፍ ሙጫን ከቀይ አፈር ጋር ቀላቅለው በእሳት አጠገብ ያጠነክሩት ነበር። ሙጫው ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እሳቱ ከበዛበት ደግሞ ይበላሻል። ማጣበቂያውን ያሞቀው ሰው እንደ ወጥ ሠሪ ዓይኑን ከእሳቱ ላይ ሳይነቅል መጠበቅ ነበረበት። ድንጋዩ በእርግጥ አውሬ ላይ መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ በሶርያ ኡም ኤል ትሌል በሚባል ስፍራ ተገኝቷል፤ ከ50,000 ዓመት በፊት የተወጋ የዱር አህያ የአንገት አጥንት የድንጋይ ስባሪው እንደተሰነቀረበት አለ።

ወላጆቻችን በጎንደር መንደሮች በብረት ቀጥቃጭነት የታወቁ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ፣ ቢላና ጦር ከእነርሱ እጅ ይወጣ ነበር። በዚያ ሙያ ምክንያት ቡዳ ተብለው ስንት ስድብና መከራ እንዳዩ ዛሬ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። ጫፉን ከሶማያው ጋር ማያያዝ የሥራው ከባዱ ክፍል መሆኑን እነርሱ ያውቁታል፤ ብረትም ይሁን ባልጩት ችግሩ አንድ ነው።

ክንድን ማስረዘም

የሰው ክንድ አጭር ነው። በአውሮፓ የበረዶ ዘመን አዳኞች ለዚህ መላ ፈጠሩ። ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው አጭር እንጨት ወይም ቀንድ በእጅ ይያዛል፤ የቀላሉ ጦር ቂጥ መንጠቆው ላይ ይቀመጣል፤ ክንድ ሲወነጨፍ መሣሪያው ክንዱን ስለሚያስረዝመው ጦሩ በብዙ እጥፍ ኃይል ይሄዳል። በፈረንሳይ ኮምብ ሶኒየር በሚባል ዋሻ ከአጋዘን ቀንድ የተሠራ፣ 17,500 ዓመት ገደማ የሆነው መንጠቆ ተገኝቷል። የሜክሲኮ አዝቴኮች ይህንኑ መሣሪያ አትላትል ይሉት ነበር፤ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችም እስከ ቅርብ ዘመን ሲያድኑበት ኖረዋል።

አዳኙ ወንድ ብቻ ነበር ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ የመጽሐፍ ሥዕሎችም እንዲሁ ያሳያሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣ ጥናት እንደምንረዳው በፔሩ ተራሮች ላይ ከ9,000 ዓመት በፊት የተቀበረች አንዲት ወጣት ከነ ሙሉ የአደን ዕቃዋ ተገኝታለች። የድንጋይ ጦር ጫፎቿና የመበለቻ መሣሪያዎቿ ከጭኗ አጠገብ ተከምረው ነበር። ሴት ልጆች ያሏችሁ ይህንንም አትርሱ።

ደጋንና ፍላጻ

ደጋን ከሁሉ የተለየ ሐሳብ ነው። ጦር ወርዋሪ ኃይሉን በአንድ ጊዜ ያወጣል። ደጋን ግን ኃይልን ቀስ ብሎ ይሰበስብና ያስቀምጣል፤ ገመዱ ሲለቀቅ የታመቀው ሁሉ በቅጽበት ይወጣል። አዳኙ ቆሞ እጁን ማወናጨፍ ስለማያስፈልገው ከቁጥቋጦ ኋላ ተደብቆ ሊተኩስ ይችላል። በሲቡዱ ዋሻ 64,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው ደቃቅ የድንጋይ ጫፎች ፍላጻ ላይ ይሰኩ እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ገልጸዋል። በፈረንሳይ ማንድሪን ዋሻ ደግሞ 54,000 ዓመት የሆናቸው ተገኝተዋል።

ትንሽ ፍላጻ ትልቅ እንስሳ እንዴት ይገድላል? ብዙ ጊዜ የሚገድለው መርዙ ነው። በካላሃሪ በረሃ የሳን አዳኞች ከአንድ ዓይነት ጢንዚዛ እጭ መርዝ አውጥተው ይቀቡታል። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ በአማርኛ መረንዝ የምንለው ዛፍ ለዚሁ ሥራ ይውላል፤ መርዙ ልብን ያቆማል። ከተመታ በኋላ እንስሳው ወዲያው ላይወድቅ ይችላል። አዳኙ ኮቴውን እየተከተለ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይጓዛል። የአደን ትልቁ ዕውቀት እንግዲህ ውርወራው ሳይሆን ዱካ ማንበቡ ነው።

የደጋን አሠራር ከማንም በላይ የነገረን አንድ የሞተ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር በረዶ ላይ 5,300 ዓመት ገደማ ሳይፈርስ የቆየ አስከሬን ተገኘ፤ ዛሬ ኦትዚ ተብሎ ይጠራል። አጠገቡ 1.82 ሜትር የሚረዝም፣ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ደጋን ነበር። በኮሮጆው ውስጥ ከነበሩት 14 ፍላጻዎች ያለቁት ሁለት ብቻ ናቸው። ሰዎች ለዐሥር ዓመት ያህል በብርድ ሞተ ሲሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2001 በራጅ ሲታይ በግራ ትከሻው ውስጥ የድንጋይ ፍላጻ ጫፍ ተገኘ። ከኋላው ተወግቶ ነበር። ለእንስሳ የተሠራው መሣሪያ ወደ ሰው ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም።

ወጥመድና ወንጭፍ

በኔጌቭና በአራቫ በረሃ ከሰማይ ሲታይ የልጆች የወረቀት አሞራ የሚመስል የድንጋይ ካብ አለ። በ1920ዎቹ በላዩ የበረሩ የእንግሊዝ አብራሪዎች ስላዩት ስሙም ከዚያው መጣ። ሁለት ረጃጅም ካቦች ከሩቅ ተነሥተው እየተቀራረቡ ይመጡና መጨረሻቸው ላይ ጉድጓድ ወይም አጥር ይኖራል። አባራሪዎች የሚዳቋ መንጋ ከኋላ ያስበረግጋሉ፤ መንጋው ካቡን ተከትሎ ሮጦ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ጦር የሚያስፈልገው በመጨረሻ ብቻ ነው። የሚበዛው ሥራ ሰው ማስተባበር ነው፤ ከወንፈልና ከደቦ የሚለየው የለም።

ወንጭፍ ከቆዳ ወይም ከቃጫ ስለሚሠራ ራሱ አይገኝም፤ የሚገኘው ድንጋዩ ነው። በዚህ አገር ዓይን ጺፖሪና ዓይን አሱር በሚባሉ ስፍራዎች ወደ 7,200 ዓመት የሚጠጉ፣ ተቀርጸው የወይራ ፍሬ ቅርጽ የያዙ በመቶዎች የሚቆጠሩ የወንጭፍ ድንጋዮች መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ተገልጿል። ክብደታቸው በአማካይ 60 ግራም ያህል ነው። ይህን ያህል ተስተካክለው በብዛት መሠራታቸው ለአደን ሳይሆን ለጦርነት የተዘጋጁ ናቸው የሚል ግምት አሳድሯል። ስለ ዳዊትና ስለ ጎልያድ፣ በመጽሐፈ መሳፍንትም ስለተጠቀሱት 700 ግራኝ የብንያም ወንጫፊዎች ሁላችንም እናውቃለን።

እኛ ግን ወንጭፍን የምናውቀው ከማማ ላይ ነው። ማሽላው ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ከጧት እስከ ማታ ዝንጀሮና ወፍ ይጠብቁ ነበር። የወንጭፉ አንዱ ጫፍ ጣት ላይ ይጠለቃል፣ ሌላው በአውራ ጣት ይያዛል፤ ድንጋዩ መሐል ላይ ተቀምጦ ይሽከረከርና የተያዘው ጫፍ ይለቀቃል። ዋናው ምሥጢር የሚለቀቅበት ቅጽበት ነው፤ ከቀደመ ወደ ሰማይ፣ ከዘገየ ወደ ጎረቤት እርሻ ይሄዳል። ሥጋችን በወጉ ካልታረደ የማንበላው ስለሆነ ወንጭፉ ሥጋ ለማግኘት አልነበረም፤ እህል ለማዳን ነበር።

አያትዬው ለልጅ ልጃቸው ይህን በቃል ማስረዳቱ አላረካቸውም። ቃጫ ስላልተገኘ ከዕቃ ማሰሪያ ገመድ ጎንጉነው፣ ከአሮጌ ጫማ ምላስ ማስቀመጫውን ቆርጠው ወንጭፍ ሠሩ። ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ሦስታችንም ወረድን። የመጀመሪያው ድንጋይ እያፏጨ ሄዶ የት እንደወደቀ አላየነውም። እናቲቱ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ወጥታ «አባዬ፣ የሰው መኪና!» ብላ ስትጮህ ሰማናት፤ ልጁ ግን ሁለተኛውን ድንጋይ አንሥቶ ለአያቱ እያቀበለ ነበር።